ተማሪው ሲቀንስ ትምህርት ቤቱ ለማን ይሠራል?



ነሐሴ ሲጋመስ የወላጅ ሁሉ ሐሳብ አንድ ነው። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ምዝገባ። በጋምቤላ ግን በዚሁ ወር ሌላም እንግዳ ይመጣል። ባሮ ይሞላል። ከኢሉባቦርና ከወለጋ ደጋ የወረደው ውኃ ከጋምቤላ ከተማ በታች ያለውን ለጥ ያለ ሜዳ ሲያለብሰው በኢታንግ፣ በላሬ፣ በጂካዎና በዋንቷዋ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ይዘው ወደ ከፍታ ቦታ ይወጣሉ። የትምህርት ቤቱ መዝገብ የሚከፈተውም በዚሁ ሰሞን ነው። መምህሩ መዝገቡን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ልጁ ከውኃው ማዶ ነው።

ከዚያ ቁጥሩ ይደመርና ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ክልል ቢሮ ይላካል። «የተማሪ ቁጥር ቀንሷል» የሚል ወረቀት ከተጻፈ በኋላ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት ተጨማሪ ክፍል የሚጠይቅ ሰው አንደበቱ ይያዛል። ያሉት ክፍሎች ሳይሞሉ ምን ሌላ ይሠራል ይባላላ! በዚህ ወር ዓምዳችን ልንነጋገርበት የፈለግነው ይህንኑ ነው።

እርግጥ የተማሪ መቀነስ የጋምቤላ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በ1986 ዓ.ም. ሲወጣ በመላው አገሪቱ የነበረው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከ3 ሚሊዮን በታች ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ግድም 20 ሚሊዮንን አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ዕቅድ አውጪ የሚባል ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ቢኖር መጨመርን ነው። ክፍል ጠበበ፣ በፈረቃ ይማሩ፤ ፈረቃውም ጠበበ፣ ዳስ ይጣል። ከዚያ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። በአማራ ክልል በተከተለው ግጭት ደግሞ በ2017 ዓ.ም. ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተነግሯል። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ በአገሪቱ በአጠቃላይ ከትምህርት የራቁትን ልጆች ወደ 9 ሚሊዮን አድርሷቸዋል።

በሌላው ዓለምም ትምህርት ቤት ተማሪ እያጣ ይዘጋል። በጃፓን ከ20 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከ8 ሺህ በላይ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የጃፓኑ ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ልጅ አልተወለደም። ሕንፃው የአረጋውያን መዋያ ወይም የእጅ ሥራ ማዕከል ቢሆን የሚከፋው ሰው ብዙ አይደለም። የእኛ ጉዳይ የተለየ ነው። ልጁ ተወልዷል፣ አድጓል፣ ሰባት ዓመትም ሞልቶታል። መዝገቡ ላይ ብቻ ነው የሌለው። ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ዓይን ያየ ዕቅድ አውጪ ልጅ ለሞላበት አገር ልጅ ላለቀበት አገር የሚሆን ዕቅድ ያወጣል።

ለመሆኑ «የትምህርት ተሳትፎ» የሚባለው ቁጥር እንዴት ይወጣል? ስሌቱ ከባድ አይደለም። በክፍል ውስጥ የተቀመጡት ልጆች ቁጥር በአካባቢው ይኖራሉ ተብሎ ለተገመተው የትምህርት ዕድሜ ልጆች ቁጥር ይካፈላል። የጋምቤላን የአንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ የተመለከተ ሰው ለዓመታት ከመቶ በላይ ሆኖ ሲታተም አይቷል። ከመቶ ልጅ ከመቶ በላይ እንዴት ይማራል? ብለን ብንስቅ አይፈረድብንም። ነገር ግን ምክንያት አለው። ዕድሜው ያለፈ ወጣት ከታናሽ ወንድሙ ጋር አንደኛ ክፍል ይቀመጣል። ከድንበር ማዶ የመጣ ልጅም አብሮ ይቆጠራል። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን አካፋዩ ቁጥር ራሱ ያረጀ መሆኑ ነው።

በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የጋምቤላ ክልል ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ፣ የጋምቤላ ከተማ ደግሞ 39 ሺህ ገደማ ሆኖ ተመዘገበ። ቀጣዩ ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ ነበር፤ ተላለፈ። በ2011ም እንደገና ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው ሁሉ በትንበያ ነው። ትንበያ የሚሆነው ሰው ባለበት ለሚወልድበትና ባለበት ለሚሞትበት አገር ነው። ሰው በውኃ፣ በከብት፣ በገበያና በጠብ ምክንያት ለሚንቀሳቀስበት አገር ግን ትንበያ ብቻውን አይበቃም። በዚያ ቆጠራ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ሙሉ ሰው ሆኗል፤ አንዳንዱም የራሱን ልጅ ለማስመዝገብ ደርሷል።

የስደተኛው ነገር ሲጨመርበት ሒሳቡ ይበልጥ ይወሳሰባል። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ የገባው ሕዝብ በአንድ ወቅት ወደ 400 ሺህ ተጠግቶ ነበር። ይህ በ1999 ቆጠራ ከተመዘገበው የክልሉ ነዋሪ ይበልጣል። በኋላ በአዲስ መልክ ምዝገባ ሲደረግ ቁጥሩ ወደ 300 ሺህ ግድም ወርዷል። አንድ ሕዝብ ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ ልዩነቱ የአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ያህል ሆነ ማለት ነው። በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በጀዊና በንጉኝዬል መጠለያዎች ከሚኖሩት ደግሞ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የመጠለያዎቹን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚመራው የስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ነው፤ የአካባቢውን ደግሞ የክልሉ ትምህርት ቢሮ። ሁለት መዝገብ ነው። ልጆቹ ግን መዝገብ አይለዩም። የአካባቢው ልጅ ደብተርና መጽሐፍ ይገኛል ሲባል ወደ መጠለያው ትምህርት ቤት ይሄዳል። የስደተኛው ልጅ ስምንተኛን ሲጨርስ በቅርቡ ወዳለው የወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ይመጣል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋ ልጅ እኩል እንዲስተናገድ ስለደነገገ በመቀራረባቸው የሚያስወቅስ ነገር የለም። ችግሩ አንዱ መዝገብ ሲሳሳ ሌላው እንደ ወፈረ የሚያስተያይ ሰው ከሌለ ነው። ያን ጊዜ አንዱ መንደር ባዶ ክፍል ይኖረዋል፤ ከዚያ በእግር መንገድ ላይ ያለው ሌላው ደግሞ መቶ ልጅ በአንድ ክፍል ያጉራል።

ልጁ የሚሄድበት ሌላም ቦታ አለ። በዲማ በኩል የወርቅ ቁፋሮው ጉልበት ያለውን ወጣት ይስባል። ሰባተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ በአንድ ሳምንት የመምህሩን የወር ደሞዝ ሊያገኝ እንደሚችል ሲሰማ እርሳሱን ቢያስቀምጥ ብዙ አይገርምም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽ ውጤትና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ነጥብ 3 ብቻ መሆናቸው ሲታወቅ በብዙ ቤት «ታዲያ ምን ያደርግልናል?» የሚል ቃል ተሰምቷል። ያ ቃል ከአባት አፍ ሲወጣ የሰማ ታናሽ ወንድም አለ።

ስለ ጸጥታውም ሳንናገር አናልፍም። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው ከ100 በላይ ሕፃናትን አፍነው ወሰዱ። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ጋምቤላ ከተማ ራሷ የተኩስ ሜዳ ሆና ዋለች። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በኢታንግ ልዩ ወረዳና በከተማዋ በተነሡ ግጭቶች ሰው ሞተ፣ ሰው ተፈናቀለ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ይህን የምናነሳው ቁስል ለመቆስቆስ አይደለም። ትምህርት ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ስላለ ነው። በካርታ ላይ በሁለት መንደር መካከል ያለ ትምህርት ቤት ለሁለቱም ቅርብ ይመስላል። መንገዱ የሚያስፈራ ከሆነ ግን ለሁለቱም ሩቅ ነው። በኪሎ ሜትር ብቻ የተለካ ርቀት እናት ልጇን በጠዋት ስትሸኝ የሚሰማትን አይለካም። እናም ቦታ ሲመረጥ መሐንዲሱ ከመምጣቱ በፊት ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ቢነጋገሩበት ሕንፃው ባዶ ከመቆም ይድናል።

አሁን ወደ ክፍሉ ቁጥር እንመለስ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። የአገራችን መመዘኛ ለአንደኛ ደረጃ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ይላል። አንድ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ የሚያስተምር የገጠር ትምህርት ቤት 400 ተማሪ ነበረው እንበል። ስምንት ክፍል፣ በየክፍሉ 50። ቁጥሩ ወደ 240 ወረደ። ወረቀት ላይ ያለውን ብቻ የሚያካፍል ሰው «240 ለ50 ሲካፈል አምስት ክፍል ይበቃል» ይላል። ግን የትኛውን ክፍል ከየትኛው ጋር ሊያስቀምጥ ነው? የአንደኛና የስድስተኛ ክፍል ልጅ ባንድ ሰሌዳ ላይ አይማሩም። ደረጃው ስምንት እስከሆነ ድረስ 30 ልጅም ቢቀመጥበት ስምንት ክፍል ያስፈልጋል። በትናንሽ ትምህርት ቤቶች የሕንፃውን መጠን የሚወስነው የልጁ ብዛት ብቻ ሳይሆን የደረጃው ብዛት ነው ማለት ነው። ይህን ያልተገነዘበ ቁጠባ መጀመሪያ የሚያጥፈው ላይኛዎቹን ክፍሎች ነው፤ «ሰባተኛና ስምንተኛ ወረዳው ከተማ ይሂዱ» ይባላል።

ማን ይሄዳል ታዲያ? ወንዱ ልጅ አጎቱ ቤት ተጠግቶ ይማር ይሆናል። ሴቷን ልጅ ግን ከማን ጋር እናስቀምጣት? የሚለው ጥያቄ በኑዌሩም በአኝዋሁም በእኛም ቤት አንድ ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ቤት ትቀመጥ ነው፤ ቤት የተቀመጠች የ14 ዓመት ልጅ ደግሞ ሽማግሌ ለመላክ የሚቸኩል አይጠፋባትም። በየመዝገቡ «አቋረጠች» ተብላ የምትጻፈው ያች ልጅ ብዙ ጊዜ ያላቋረጠች፣ ክፍሏ የተቋረጠባት ልጅ ናት።

የደረጃዎቹ አከፋፈልም ተቀይሯል። ስምንት፣ ሁለት፣ ሁለት የነበረው አሁን ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ሆኗል። ቀድሞ ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ብቻ የተሠራ ሁለተኛ ደረጃ አሁን እስከ አሥራ ሁለተኛ ማስተማር ይጠበቅበታል። ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ተጨማሪ ክፍል ያሻዋል። ከታች ደግሞ ከአንደኛ ክፍል በፊት የሚገቡት ሕፃናት ተጨምረዋል። ስለዚህ በጠቅላላው ተማሪ ቢቀንስ እንኳ የክፍል ፍላጎት በአንዳንዱ ቦታ ጨምሯል። አንድ ሰው ከስቶ ሳለ ልብሱ የጠበበው ቢሆን ግራ እንደሚያጋባ ሁሉ ይህም ግራ ያጋባል፤ ግን እውነት ነው።

ሕንፃው ራሱ ምን ዓይነት ይሁን? ባለ አራት ክፍል ብሎክ የሚባለው ፕላን ከደጋ እስከ ቆላ በአንድ መልክ ሲሠራ ይታያል። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትገኘው፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ በዚያ ሙቀት ከአራት ሰዓት በኋላ ምጣድ ነው። ዝናብ ሲወርድበት ደግሞ የመምህሩ ድምፅ አይሰማም። የሣር ክዳኑ ጎጆ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን ምስጥ ይበላዋል፣ እሳትም ይፈራለታል፣ በየጥቂት ዓመቱም መታደስ አለበት። ሲሚንቶና ብረት ከመካከለኛው አገር የሚጫነው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው፤ በዚያ ዋጋ የተሠራ ሕንፃ ውኃ በሚተኛበት ቦታ ላይ ሲቆም ማየት ያንገበግባል።

የሌይቹርን ነገር ብዙዎች ያስታውሱታል። በ2006 ዓ.ም. ለስደተኞች የተሠራው ያ መጠለያ በዚያው ክረምት በጎርፍ ተዋጠ። በውኃው መካከል ቆሞ የቀረውን ትቶ ሕዝቡ በ2007 ዓ.ም. ወደ ጀዊ መዛወር ግድ ሆነበት። በ2014 ክረምትም ጎርፉ የክልሉን ሰፊ ክፍል መትቶ ብዙ ሰው አፈናቅሏል። ባሮ፣ አልዌሮ፣ ጊሎና አኮቦ እስከ የት እንደሚደርሱ በወረቀት ላይ የሌለውን የሚያውቁት በዳርቻቸው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ዛፉ ላይ የውኃ ምልክት ያሳያሉ፤ የትኛው ጉብታ ደርቆ እንደሚከርም፣ ከብቱ በየትኛው ወር ወዴት እንደሚሄድ ይናገራሉ። እነሱን ሳይጠይቁ መሠረት መቆፈር ገንዘብ ውኃ ውስጥ መጣል ነው።

እንደ እኛ አስተያየት ለእንዲህ ያለ አገር የሚሻለው በአንድ ማዕከል የተከመረ ትልቅ ግንብ ሳይሆን በየጉብታው የተበተነ፣ ወለሉ ከፍ ያለ፣ ግድግዳው ነፋስ የሚያስገባ፣ መጸዳጃው ለሴትና ለወንድ የተለየ፣ ውኃ ያለው ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። የታች ክፍሎች ከመንደሩ አይራቁ። ለላይኛዎቹ ክፍሎች ደግሞ ሴት ልጆች በአስተማማኝ ሁኔታ የሚያድሩበት ቤት አብሮ ይታሰብ። ወጪው ይበዛል የሚል ይኖራል። ባዶ የቆመ ግንብም ወጪ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የእኛ ቤተሰቦች ድርሻ የትኛው ነው? በ1999 ቆጠራ መሠረት በጋምቤላ ክልል ሙስሊሙ ከመቶ አምስት ያህል ነው። አብዛኛው የከተማ ሰው፣ ብዙው ነጋዴ ነው። ነገሩ የቆየ ነው፤ ጋምቤላ በ1894ቱ ስምምነት ለእንግሊዝ የንግድ ጣቢያ ሆና የካርቱም መርከቦች ቡና ሊጭኑ በባሮ ሽቅብ ሲመጡ ከሱዳን የዘለቁት የጀላባ ነጋዴዎች አብረው ነበሩ። ነጋዴ ደግሞ እግሩ አይረጋም። ገበያው ሲቀዘቅዝ ወይም ከተማው ሲናወጥ ልጁን ወደ መቱ ወይም ወደ ጅማ፣ ወደ አጎቱ ወይም ወደ አያቱ ይልካል። መላኩ ክፋት የለውም። ክፋቱ መልቀቂያ ሳያወጡ፣ ለክፍል ኃላፊው እንኳ ሳይናገሩ መላኩ ነው። እዚህ «አቋረጠ» ይባላል፤ እዚያ ደግሞ ካርድ የለውም ተብሎ አንድ ክፍል ዝቅ ይላል ወይም በር ላይ ይቆማል። አንድ ወረቀት ሁለቱንም ያድን ነበር።

ሌላው የመድረሳው ሰዓት ነው። ትምህርት ቤቱ በሁለት ፈረቃ ሲያስተምር ልጆቻችን ግማሽ ቀን ለቁርኣን፣ ግማሽ ቀን ለትምህርት ቤት ነበራቸው። ተማሪ ሲቀንስ ፈረቃው ይቀርና ቀኑን ሙሉ ይማራሉ። ለትምህርቱ ይህ ይሻላል። አንዳንድ ወላጅ ግን ሁለቱ ተጋጩ ብሎ ልጁን ከአንዱ ያስወጣል። እኛ ይህን አንደግፍም። ኡስታዙን አነጋግሮ ቂርአቱን ከዐሥር እስከ መግሪብ ባለው ሰዓትና በቅዳሜና እሑድ ማድረግ ይቻላል፤ በብዙ ከተማ ተደርጓል። ሙቀቱ በከበደበት ወር ደግሞ የማለዳ ትምህርት ለሁለቱም ይመቻል።

ከሁሉ በላይ የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት በሚባለው ስብሰባ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። እናቶችም ጭምር። ብዙዎቻችን ወደዚያ የምንሄደው ልጃችን ጠብ ሲያነሣ ወይም መዋጮ ሲጠየቅ ብቻ ነው። የክፍል ጥያቄ ከታች የሚነሣው ግን ከዚያ ስብሰባ ነው። አንድ ቀላል ሐሳብ አለን፦ በነሐሴና በመስከረም ከሚደረገው ምዝገባ ሌላ ውኃው በሚጎድልበት በኅዳር ሁለተኛ ቆጠራ ይደረግ። በቆጠራውም ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ያለው የትምህርት ዕድሜ ልጅ ይጻፍ፤ የሌለውም የት እንደሄደ፣ ወደ መጠለያው፣ ወደ ወርቁ፣ ወደ ከብቱ ወይም ወደ ዘመድ፣ ከስሙ ጎን ይመልከት። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር፣ ሁለት መምህርና መንደሩን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይበቃሉ።

ጊዜውም ይገጥማል። በኅዳር የተቆጠረው ቁጥር የሚቀጥለው ዓመት በጀት ተዘጋጅቶ ከማለቁ በፊት ወረዳው ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ሥራው ከተፈቀደ ደግሞ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የጫነ መኪና ወደ ዋንቷዋና ወደ አኮቦ የሚዘልቀው በበጋ ነው። መንገዱ ከጨቀየ በኋላ የመጣ ፈቃድ ሌላ አንድ ዓመት ያስጠብቃል፤ በዚያ አንድ ዓመት ሰባተኛ ክፍል የምትገባዋ ልጅ ስምንት ዓመት ሙሉ አይደለም፣ አንድ መስከረም ብቻ ነው ያላት።